በደብረ ማርቆስ ፊልሞቹን ላሳዩን ሦስት ባለሙያዎች፦ እጃችሁን ቁርጥማት አይንካው

በደብረ ማርቆስ ለአራት ቀን የቆየው የፊልም ትርኢት አልቋል። አዘጋጆቹን ብዙ ሰው አመስግኗል፤ ይገባቸዋልም። ከአዳራሹ በስተኋላ፣ ፕሮጀክተሩ አጠገብ ተቀምጠው ሁሉንም ያሳዩንን ሦስት ባለሙያዎች ግን ያነሣቸው የለም። ሁለቱ ወንድሞቻችን ምስሉንና ድምፁን፣ እህታችን ደግሞ ፋይሉንና ሰብታይትሉን (ከምስሉ ሥር የሚነበበውን ጽሑፍ) ይዘው ነበር። መተዳደሪያቸው የሠርግ ቪዲዮና የድምፅ መሣሪያ ኪራይ ነው። ስማችን አይጻፍ ስላሉ አንጽፍም። ሥራቸውን ግን በዝርዝር እንጽፋለን፤ በትምህርት ቤት፣ በወጣት ማዕከል ወይም በቀበሌ አዳራሽ ፊልም ለማሳየት የሚያስብ ሰው ምን ዓይነት ባለሙያ መፈለግ እንዳለበት ይወቅ።

አንድ ፊልም ማሳየት ሌላ፣ ዓይነቱ የበዛ ፊልም በአንድ ሸራ ላይ ማሳየት ሌላ ነው። ጥቁርና ነጭ የድሮ ፊልም፣ ዘጋቢ ፊልም፣ የልጆች አኒሜሽን፣ ተማሪዎች በስልክ የቀረጹት አጭር ሥራ፣ በባዕድ ቋንቋ የተሠራ ድራማ በተከታታይ ሲመጡ የእያንዳንዱ የምስል ቅርጽ፣ ፍጥነትና ድምፅ ይለያያል። ስለዚህ ሦስቱ ባለሙያዎች ፋይሎቹን ሁሉ ከሳምንት በፊት ጠየቁ። «በዕለቱ በፍላሽ ይዤ እመጣለሁ» ያለውን ሁሉ በትሕትና እምቢ አሉ። ትክክል ናቸው። ብዙ ፍላሽ የሚመጣው ፋት 32 በሚባለው የፋይል አቀማመጥ ሥርዓት ተዘጋጅቶ ነው፤ ከ4 ጊጋባይት የበለጠ ፋይል አይቀበልም። ጥራት ያለው ረጅም ፊልም ደግሞ ከዚያ በላይ ነው። ሰው ይህን ሳያውቅ ፊልሙን አሳንሶ ይገለብጥና ጨለማው ትዕይንት ሁሉ በትልቁ ሸራ ላይ ካሬ ካሬ ሆኖ ይታያል። እነሱ ዲስኩን ትልቅ ፋይል በሚቀበለው በኤክስፋት አዘጋጅተው ዋናውን ፋይል ተቀበሉ፣ ሁለት ቦታ ገለበጡ፣ ከዚያም የእያንዳንዱን መጀመሪያ፣ መሐልና መጨረሻ አዩ። መጨረሻውን ማየት ግድ ነው፤ ሳይጨርስ የተቋረጠ ቅጂ ጉዱ የሚወጣው እዚያ ላይ ነው።

ሸራው ወርዱ 4 ሜትር፣ ቁመቱ 2 ሜትር ከ25 ነበር። የዛሬ ቪዲዮ በልኩ ይሞላዋል። የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ግን በ16 ሚሊ ሜትር የተቀረጸ፣ እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣ ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው፤ እንዲህ ያሉ ፊልሞች ምስላቸው ወደ አራት ማዕዘን ይጠጋል። በዚህ ሸራ ላይ ሊይዙ የሚገባቸው የ3 ሜትር ያህል ወርድ ነው፤ ግራና ቀኙ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። «ሸራው አልሞላም» ብሎ የሚለጥጠው ሰው ብዙ ነው። ሲለጠጥ የገበሬው ፊት ይሰፋል፣ በሬው ያጥራል፣ ዳይሬክተሩ የለካው ነገር ሁሉ ይበላሻል። በጣም ሰፊ ሆኖ የተሠራ ፊልም ደግሞ 4 ሜትሩን ይሞላና ቁመቱ ወደ 1 ሜትር ከ67 ይወርዳል። ባለሙያዎቹ ለእያንዳንዱ ፊልም ልኩን በወረቀት ጽፈው ላፕቶፑ አጠገብ ለጥፈውት ነበር። ፕሮጀክተሩንም ከሸራው መሐል ትይዩ፣ 6 ሜትር ርቀት ላይ፣ በውሃ ልክ አስተካክለው አቆሙት። ጠማማ አስቀምጦ በሜኑ ማቃናት ይቻላል፤ ግን ምስሉ ስለታምነቱን ያጣል።

ሰብታይትል ላይ እህታችንን ለብቻዋ እናመስግናት። ፊልሙ በሴኮንድ 24 ምስል የሚሄድ ሆኖ ሰብታይትሉ ለ25 የተዘጋጀ ከሆነ ጽሑፉ እየቀደመ ይሄዳል። በመጀመሪያው ደቂቃ የሚቀድመው 2 ሴኮንድ ተኩል ያህል ስለሆነ ሰው «በቁልፍ ትንሽ ወደኋላ ልግፋው» ይላል። ይገፋዋል፣ ለጊዜውም ይገጥማል። ፊልሙ አንድ ሰዓት ሲሞላው ግን ጽሑፉ 2 ደቂቃ ከ24 ሴኮንድ ይቀድማል፤ የሚሞተው ሰው ከመሞቱ በፊት ለቅሶው ይነበባል። መድኃኒቱ መግፋት ሳይሆን መለጠጥ ነው፦ የእያንዳንዱን መስመር ሰዓት በ25 አባዝቶ ለ24 ማካፈል። ነጻ የሰብታይትል ማረሚያ ፕሮግራሞች ይህን በአንድ ትእዛዝ ያደርጉታል። የግዕዝ ፊደል ያለበት ፋይል ደግሞ ዩቲኤፍ 8 በሚባለው የፊደል አጻጻፍ ኮድ ካልተቀመጠ በጥያቄ ምልክት ይሞላል፤ ማጫወቻው ውስጥ የግዕዝ ፊደል ያለው ፎንት ካልተመረጠ ባዶ ሳጥን ብቻ ይወጣል። እሷ አማርኛውን ከሁለት መስመር አላስበለጠችም፤ ረጅሙን ዓረፍተ ነገር ትርጉሙ በሚያርፍበት ላይ ቆረጠችው። ከኋላ የተቀመጡ አዛውንት ሳይቀሩ አንብበው ጨርሰዋል።

ድምፁ ከሁሉ ይበልጣል። በ5.1 (ድምፁ በስድስት ቻናል ተከፋፍሎ) በተቀነባበረ ፊልም የሰው ንግግር በአብዛኛው የሚወጣው ከመሐለኛው ቻናል ነው፤ አዳራሹ ያለው ግን ግራና ቀኝ ሁለት ስፒከር ብቻ ነው። መሐለኛው ለሁለቱ ካልተከፋፈለ ሙዚቃው ይጮኻል፣ የመኪናው ድምፅ ይሰማል፣ ተዋናዩ አፉን ብቻ ያንቀሳቅሳል። እንዲህ ሲሆን ድምፅ የሚጨምር ሰው ሙዚቃውን ጆሮ ይበጥስ ያደርገዋል እንጂ ንግግሩን አያመጣውም። ወንድሞቻችን ፊልሞቹን በሙሉ ወደ ሁለት ቻናል አስቀይረው፣ የእያንዳንዱን የድምፅ ከፍታ በሚክሰሩ ላይ ምልክት አድርገው ጨርሰው ነበር የጠበቁን። ከሹክሹክታ ፊልም ወደ ጫጫታ ፊልም ስንሻገር ማንም ጆሮውን አልያዘም።

አዳራሹ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ግድግዳው ልስን ነው፤ ቃሉ ተመልሶ ይመጣና ቀጣዩን ቃል ይሸፍነዋል። የኋላውን ግድግዳ በወፍራም መጋረጃ ሸፈኑት፣ በመተላለፊያው ምንጣፍ አነጠፉ። ስፒከሮቹን ከተቀመጠ ሰው ጆሮ ከፍ አድርገው ፊታቸውን ወደ ወንበሮቹ መሐል አዞሩ። በባዶ አዳራሽ የተለካው ድምፅ ሰው ሲገባ እንደሚወርድም ያውቃሉ፤ የማርቆስ ሰው ለምሽቱ ብርድ ጋቢውን ለብሶ ሲገባ ደግሞ ጋቢው ራሱ ድምፅ ይውጣል። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ድምፅ ከፍ ማድረግ ዋጋ አልነበረውም። እህታችን ለአማርኛ ፊልሙም የአማርኛ ሰብታይትል አዘጋጅታ ነበር፤ ዝም ብላ አንድ ቁልፍ ተጫነችና ንግግሩ ከሥር መጻፍ ጀመረ። አንድም ሰው አልወጣም።

ስለ ከፍታ ብዙዎች የማያውቁት ነገር አለ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር ይበልጣል። አየሩ ስስ ስለሆነ የፕሮጀክተሩ ማራገቢያ በተለመደው ፍጥነቱ በቂ ሙቀት አያወጣም፤ መሣሪያው ይግልና ፊልም መሐል ራሱን ያጠፋል። ብዙ ፋብሪካዎች ከ1,500 ሜትር በላይ «ሃይ አልቲቲዩድ» የሚለውን ሜኑ አብሩ ይላሉ። ባሕር ዳርም ከዚህ በላይ ናት፤ ሜኑው እዚያም ይሠራል። ሲበራ ማራገቢያው ስለሚጮህ ፕሮጀክተሩን ከተመልካች ጆሮ ራቅ ማድረግ ነው።

መብራት ሁለት ጊዜ ሄደ። ፕሮጀክተሩና ላፕቶፑ በዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ በሚያቆይ ባትሪ) ላይ ስለነበሩ አልጠፉም። ባለ አምፖል ፕሮጀክተር በድንገት ሲጠፋ ማራገቢያውም ስለሚቆም አምፖሉ በግለቱ ይጎዳል፤ ካልቀዘቀዘም ተመልሶ አይበራም። አምፕሊፋየሩን ግን ዩፒኤሱ ላይ አልሰኩትም፤ ጭነቱ ከባድ ነው፣ ባትሪውን ወዲያው ይጨርሰዋል። ፊልሙን አቁመው፣ ከአዳራሹ ጀርባ የቆመውን ጄኔሬተር አስነሥተው፣ ቮልቴጁ እስኪረጋ ጠብቀው ቀጠሉ።

የሰዓት አመዳደባቸውም የታሰበበት ነው። እንደ «ጤዛ» ያለ 140 ደቂቃ የሚወስድ ፊልም ምሽት 12 ሰዓት ቢጀመር ሰው ባጃጅ ሳያገኝ ይመሻል። ረጅሙን 10 ሰዓት ላይ፣ አጫጭሮቹን መጨረሻ ላይ አድርገው 2 ሰዓት ሳይሞላ ሁሉንም ሰው ሸኙ።

እነሱን ለሥራ የምትፈልጉ የአዳራሹን ርዝመትና ስፋት ለክታችሁ፣ የመስኮቶቹን ብዛት ቆጥራችሁ፣ ሶኬቱ የት እንዳለ በፎቶ አንሥታችሁ ያዙ፤ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ ይህን ነው። መስኮት የሚሸፍን ጥቁር ጨርቅ እናንተ ታዘጋጃላችሁ። ገንዘብ ካጠራችሁም ፕሮጀክተር ከማሳደግ ጨርቁን አብዙ፤ አዳራሹ ከጨለመ ለ4 ሜትር ሸራ 3,000 ሉመን (የፕሮጀክተር ብርሃን መለኪያ) ይበቃል። ፋይሉን ከሳምንት በፊት ስጧቸው። ስልካቸውን በውስጥ መስመር ለጠየቀን፣ እነሱን አስፈቅደን እንሰጣለን። ለክረምት ከሆነ ጣሪያው ኮርኒስ ይኑረው አይኑረው አስቀድማችሁ ንገሯቸው።