ስማርት ዋች ወይስ የስፖርት ሰዓት? ሁለቱንም አስሬ ያየሁት

አንድ ዓመት ሙሉ ስማርት ዋች ሳስር ነበር፣ አሁን ጋርሚን ፎርራነር 255 የሚባለውን የስፖርት ሰዓት ከያዝኩ 8 ወር ሆነኝ፣ የትኛውን ልግዛ የሚለኝ ሰው ስለበዛ ያየሁትን ልንገራችሁ።

ስማርት ዋቹ በቃ እጅ ላይ የታሰረ ስልክ ነው። ጥሪ ታነሳበታለህ፣ ሜሴጅ ትመልሳለህ፣ ስክሪኑ ቁልጭ ያለ፣ በጣም ወድጄው ነበር። ያማረረኝ ቻርጁ ነው። ማታ ማታ ሰክቼው ነው የምተኛው፣ ሰክቼው ከተኛሁ ደግሞ እንቅልፌን በምን ይለካል? ረጅም ሩጫ ላይማ ጂፒኤሱ ባትሪውን ይጨርሰዋል፣ አንዴ 18ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ድርግም አለብኝ፣ ለሳምንታት ስዘጋጅበት የነበረ ሩጫ ስለነበር እንዴት እንደተናደድኩ። ላብ ሲነካው ደግሞ ታች ስክሪኑ ይቃወሳል፣ ዙር ልይዝ ስነካው ሌላ ነገር ይከፍትብኛል።

ፎርራነሩ ታች ስክሪን የለውም፣ 5 የሚጫኑ ቁልፎች ብቻ። መጀመሪያ ኋላ ቀር መስሎኝ ነበር ግን ስሮጥ ሳላይ በጣቴ ዳብሼ እጫነዋለሁ፣ ዝናብ ቢዘንብ ጓንት ባደርግ ለውጥ የለውም። ስክሪኑ ደብዘዝ ያለ ነው፣ ፀሐይ ሲያርፍበት ግን ጥርት ብሎ ይነበባል። ባትሪው በተራ አጠቃቀም እስከ 14 ቀን ጂፒኤስ ተከፍቶ እስከ 30 ሰዓት ነው የሚባለው፣ እኔ በሳምንት 4 ቀን እየሮጥኩ በ8 ቀን አንዴ ነው ቻርጅ የማደርገው። ስለዚህ ሌሊትም ከእጄ አይወርድም፣ ሊያመኝ ሲል ወይ እንቅልፍ አጥቼ ሳድር የእረፍት ልብ ምቴ ከፍ ብሎ ይታየኛል፣ ያን ቀን ሩጫውን አቀልለዋለሁ። ለእኔ ትልቁ ነገር ይሄ ነው።

ማይክ ግን የለውም፣ ሲደወል ይነዝራል እንጂ አያናግርም። ኢሲጂም (የልብን የኤሌክትሪክ ምልክት የሚመዘግበው) የለውም፣ አፕል ዋች ላይ ግን ከኤስኢ (SE) ሞዴሎቹ በስተቀር ከ2018ቱ ሲሪስ 4 ጀምሮ አለ፣ ሐኪም የልብ ምትህን ተከታተል ያለው ሰው ይሄን ያስብበት።

ልብ ምት ላይ ሁለቱንም በጭፍን አትመኑ፣ አረንጓዴ መብራት አብርተው ቆዳ ስር ያለውን ደም ነው የሚያዩት፣ ላላ ብሎ ከታሰረ ወይ ብርድ ከሆነ ወይ በአጫጭር ፈጣን ሩጫ ጊዜ ይስታሉ። ትክክለኛ ቁጥር የሚፈልግ ደረት ላይ የሚታሰር የልብ ምት መለኪያ ቀበቶ ይጨምርበት። ካሎሪው ግምት ነው፣ እሱን እያያችሁ ምግብ አትቀንሱ።

ከመግዛታችሁ በፊት ስልካችሁን እዩ። አፕል ዋች አይፎን ይፈልጋል፣ ከ2021 ወዲህ የወጡት የሳምሰንግ ጋላክሲ ዋቾች ደግሞ ከአይፎን ጋር አይገናኙም፣ ጋርሚን ከአይፎንም ከአንድሮይድም ጋር ይሰራል።

የድሮውን ስማርት ዋች ለእህቴ ሰጠኋት፣ እሷ አትሮጥም፣ ስልኳን ቦርሳ ውስጥ ትታ ጥሪ የምታነሳው በእሱ ነው፣ ቻርጁም ቀኑን ሙሉ ይበቃታል።