አንቀጽ 17ን የሚያውቅ ፎቶ ኮፒ ቤት

ቱሉ ዲምቱ የምትኖሩ ወይም በዚያ የምታልፉ ሰዎች፣ አንዲት ፎቶ ኮፒ ቤት ልጠቁማችሁ። ስም የላትም። በሯ ላይ «ፎቶ ኮፒ፣ ጽሕፈት፣ ላሚኔሽን፣ ማመልከቻ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል፣ በቃ። ኮንዶሚኒየሙ ውስጥ ምድር ላይ ካሉት ሱቆች አንዷ ናት፤ በአንድ በኩል ጸጉር ቤት አለ፣ በሌላው በኩል ሽንኩርትና ድንች የምትሸጥ ሴት። ውስጧ ሦስት ሰው ከገባ አራተኛው በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ኮፒ በገጽ 5 ብር ነው፤ እዚያው ሰፈር በ4 ብር የሚያነሳ አለ። ማመልከቻ እንደ ጉዳዩ ከ150 እስከ 300 ብር። ርካሽ አይደለም።

ባለቤቱ ስድስት ኪሎ ታሪክ ተምሮ የተመረቀ ልጅ ነው። ይህን የነገረችኝ ሽንኩርት ሻጯ ናት። እኔም «አይ ታሪክ፣ መጨረሻው ፎቶ ኮፒ!» ብዬ ሳቅሁ።

ሳቄ ከየት እንደመጣ ልናገር። እኔ በ70/30 ዘመን ዩኒቨርሲቲ የገባሁ ሰው ነኝ። መንግሥት ከመቶ ተማሪ 70ውን ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30ውን ወደ ማኅበራዊ ሳይንስና ሂውማኒቲስ ሲመድብ እኛ 70ዎቹ ራሳችንን እንደተመረጠ ሰው ነበር የምናየው። የታሪክ ተማሪ ካፌ ሰልፍ ላይ ካገኘን «ተመርቀህ ምን ልትሆን ነው፣ ታሪክ?» እንለዋለን። ፍልስፍና የሚማረውንማ ተዉት። እኔ ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ተመረቅሁ። ዛሬ አምፖል፣ ሶኬትና ማከፋፈያ እሸጣለሁ። ሱቄ ከሱ ፎቶ ኮፒ ቤት በሁለት ሜትር ብትበልጥ ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሄድኩት የዚህችኑ ሱቅ የኪራይ ውል ኮፒ ላስነሳ ነበር። አከራዬ አዘጋጅቶ ያመጣው ሁለት ገጽ ውል ነው። አንብቤዋለሁ። ቢያንስ ያነበብኩ መስሎኝ ነበር። ልጁ ወረቀቱን ማሽኑ ላይ ሊያስቀምጥ ሲል ዓይኑ አንድ ቦታ ላይ ቆመ።

«ወንድሜ፣ ሱቁ ላይ ገንዘብ ልታወጣ ነው እንዴ?» አለኝ።

«አዎ። መደርደሪያ፣ ቀለም፣ መስመር... ወደ መቶ ሺህ ይጠጋል።»

«ዓመቱ ሲያልቅ ይወጣል ቢልህስ?»

«አይልም፣ እዚህ ተጽፏል» ብዬ መስመሩን አሳየሁት። «ተከራይ ግዴታውን ከተወጣ አከራይ ውሉን ሊያድስለት ይችላል» ይላል። «ይችላል» የምትለዋን በስክሪብቶው ጫፍ ነካ አደረጋት። «ይችላል እኮ ነው የሚለው። ካልፈለገ ደግሞ አያድስም። አንቀጽ 17 ገብታብሃለች» አለኝ።

«የምን 17? ውሉ ዘጠኝ አንቀጽ ነው ያለው።»

ሳቀብኝ። የውጫሌን ነበር የሚያወራው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 የተፈረመውን። አማርኛው ምኒልክ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር ላላቸው ጉዳይ በኢጣልያ በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ሲል ጣልያንኛው ግዴታ አደረገው፣ ኢጣልያም ያንን ይዛ ኢትዮጵያ በእኔ ጥበቃ ሥር ናት ብላ ለዓለም አሳወቀች፣ ምኒልክ በ1885 ውሉን አፈረሱ፣ ነገሩ እየከረረ ሄዶ የካቲት 23 ቀን 1888 አድዋ ላይ ደረሰ። ይሄን ማን ያልተማረ አለ? እኔም ተምሬዋለሁ፣ ፈተና ላይም ጽፌ አግኝቼበታለሁ። ግን እኔ የያዝኩት ቀኑን ነው። እሱ የያዘው ግሱን። ደግሞ ቤቴ ገብቼ ሳስበው የኔ ውል የውጫሌ ተቃራኒ ነው፤ ለምኒልክ «ይቻላቸዋል» ነፃ የምታወጣ ቃል ነበረች፣ በኔ ውል ላይ ግን ነፃ የወጣው አከራዬ ነው። ማን እንደሚችል ማየት ነው ጨዋታው።

የዚያን ቀን ኮፒ እንኳን ሳላስነሳ፣ አምስት ሳንቲም ሳልከፍል ወጣሁ። አከራዬን ሁለት ቀን ለመንኩት፣ ሁለት ጊዜ ቡና ጋበዝኩት፣ በመጨረሻ «ያድስለታል» ተብሎ ተጻፈ። (ልጁ ጠበቃ አይደለም። ራሱም ደጋግሞ ይናገራል፤ ከበድ ያለ ጉዳይ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ወደ ጠበቃ ነው የሚልካችሁ።)

ከዚያ በኋላ ደንበኛ ሆንኩ። የልጁን ሙያ በደንብ ያየሁት ግን ጎረቤታችንን እማማን ይዤ የሄድኩ ዕለት ነው። ባላቸው ካረፉ ቆይተዋል። ጋብቻቸው የድሮ ነው፣ በሽማግሌ፣ ወረቀት የለውም። አሁን ሚስት መሆናቸውን ማስረዳት አለባቸው። ስሙን የማልጠራው አንድ ቢሮ ማመልከቻቸውን ሁለት ጊዜ መልሶታል፤ አንዴ የጋብቻው ዘመን አልተጻፈም ተብሎ፣ አንዴ ደግሞ የባላቸው ስም አንዱ ሰነድ ላይ «ኃይሉ»፣ ሌላው ላይ «ሀይሉ» ስለሚል። በአንዷ ፊደል ምክንያት አንድ ሰው ሁለት ሰው ሆኖ ቁጭ አለ!

እማማ ዘመኑን አያስታውሱም። እኔ ብሆን «በግምት 1965 ብለህ ጻፍ» እል ነበር። ልጁ ግን ወንበሩን አሳልፎ ሰጣቸውና መጠየቅ ጀመረ።

«እማማ፣ ሲያገቡ መሬት ላራሹ ታውጆ ነበር?»

«ታውጆ! አባቴ በዚያ ደስታ ነው የዳሩኝ።»

«የመጀመሪያ ልጅዎስ?»

«ብር ሲቀየር አራስ ነበርኩ። አሮጌውን ብር የሚቀይርልኝ አጥቼ እንዴት እንደተጨነቅሁ!»

ልጁ ማስታወሻው ላይ ሁለት መስመር አሰመረ። መሬት ላራሹ የታወጀው የካቲት 25 ቀን 1967 ነው፤ ደርግ ብሩን የቀየረው በ1969 መጀመሪያ። ሠርጉ በነዚህ መሃል ነው። በዓቢይ ጾም ሠርግ የለም፣ ስለዚህ ወይ ከ1967 ፋሲካ በኋላ ነው፣ ወይ በ1968 ጥር። «ዕለቱ ምን ይመስል ነበር?» አላቸው። «ዳሱን ዝናብ አፈረሰብን እንጂ!» አሉ እማማ፣ ሃምሳ ዓመት ያለፈው ንዴት እንደ አዲስ ተነስቶባቸው። ጥር ላይ እንዲህ ያለ ዝናብ ከየት ይመጣል? «በግንቦት ወር 1967 ዓ.ም. ግድም» ብሎ ጻፈ። «ግድም» የምትለዋን አውጣት ብለው እሺ አላለኝም። እርግጠኛ ያልሆንኩትን እርግጠኛ ነኝ ብዬ አልጽፍም አለ። ስለ ስሙም «ኃ» እና «ሀ» በዛሬው አማርኛ ድምፃቸው አንድ እንደሆነ፣ ሰነዶቹ ላይ የአባትና የአያት ስም፣ የትውልድ ቦታና የሥራ ቦታ አንድ እንደሆኑ በአራት መስመር አስረዳ። ማልቀስ የለ፣ «ክቡር ሆይ በእግዚአብሔር ስም» የለ። ጉዳዩ ገና አላለቀም፤ ወረቀቱ ግን ለሦስተኛ ጊዜ አልተመለሰም።

ይህን ከየት ተማርከው ስለው፣ ለመመረቂያ ጽሑፉ የአቃቂ ሽማግሌዎችን ስለ ባቡሩ ሲጠይቅ ከርሞ ኖሯል። ሽማግሌ ዓመተ ምሕረት አይነግርህም፣ ከምን በፊት ከምን በኋላ እንደሆነ ነው የሚነግርህ አለኝ። አንዱ የተናገረውን ከሌላው ጋር፣ ሁለቱንም ደግሞ ከተጻፈው ጋር ማስተያየት። እንግዲህ የማይጠቅመው ትምህርት ይሄ ነው።

አሁን «ታዲያ ለምን ፎቶ ኮፒ ያነሳል?» የሚለኝ ይኖራል። ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔም ለምን አምፖል እንደምሸጥ አብራችሁ ጠይቁልኝ። እኔን የሚያውቅ ሰው ሁሉ «አይ አገር፣ ለኢንጂነር እንኳን ሥራ ጠፋ» ብሎ ያዝንልኛል። ለሱ ግን «ታሪክ ተምሮ ምን ሊሆን ኖሯል» ይባላል። እኔ ላይ ሲደርስ ጥፋቱ የገበያው፣ እሱ ላይ ሲደርስ የትምህርቱ! ዲግሪው ደመወዝ ያመጣል አላልኩም፤ እሱ ራሱ «ኪራይ አይከፍልልኝም» ብሎ ይስቃል። እንዲህ ያለ ሰው ቤተ መዛግብት ወይም ክፍል ውስጥ መሆን ሲገባው ላሚኔሽን ማሽን ሥር መዋሉ ያናድደኛል። የሚገርመው፣ ከ2012 ወዲህ ዩኒቨርሲቲ የገባ ተማሪ ኢንጂነሪንግ የሚማረው ሳይቀር ሎጂክና የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክ ይማራል። እኛም በጊዜያችን ሎጂክ የምትባል ኮርስ ነበረችን። ሸምድደን አለፍናት፣ ኪራይ ውል ላይ ስታገኘኝ አላወቅኋትም።

ወደ ቤቷ ልመለስ፣ ጉድለት ሞልቷታል። ልጁ ዘገምተኛ ነው። ኮፒ ሊያነሳ የተቀበለውን ያነባል፣ ካነበበ ይጠይቃል፣ ከኋላችሁ አምስት ሰው ቆሞ ያጉረመርማል። የ«ሠ» እና የ«ሰ» ነገር ከተነሳበት ደግሞ ቀኑ አለቀ። በኦሮምኛ ማመልከቻ አይጽፍም፣ ለዚህ ሰፈር ይሄ ትልቅ ጉድለት ነው። ሲቪ ላይ ያልሠራችሁትን ጨምር ብትሉት አይጨምርም፤ አንድ ወጣት በዚህ ተጣልቶት ወደ ባለ 4 ብሩ ሲሄድ አይቻለሁ። ቀለም ፕሪንቱ ቀያዩን ብርቱካናማ ያደርገዋል። እሁድ ዝግ ነው።

አንድ ነገር ግን የትም የማታገኙት አለ፣ የቀን ልወጣ። ብዙ ቦታ ከዓመቱ ላይ 7 ወይም 8 ደምረው ይሰጧችኋል። የእህቴ ልጅ ታኅሣሥ 25 ቀን 1985 የተወለደች ናት፤ ሌላ ቤት ታኅሣሥ ስለሆነ ብለው በፈረንጅ 1992 አደረጓት። እሱ ቆጥሮ ጃንዋሪ 3 ቀን 1993 አወጣው። በፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ገብቶ ነበርና። ይህን ፓስፖርት ከወጣ በኋላ ከማረም በፊቱ 20 ብር መክፈል ይሻላል።

ከሄዳችሁ በጠዋት ሂዱ። ከሰዓት መብራት ይሄዳል፣ ጄኔሬተር የለውም። ቴሌብር ይቀበላል። ሰነዳችሁን በሙሉ ይዛችሁ ሂዱ፣ ያልተጠየቃችሁትንም ጭምር፤ መጠየቁ አይቀርምና።