አዘዞ ላለው የፋይበር ባለሙያ ወንድሜ ምስጋና (ጀልባ ያላችሁ አንብቡት)

ጎንደርና ጎርጎራ ያላችሁ ወዳጆቼ እንደምን ሰነበታችሁ። አንድ ወጣት ባለሙያ ላመሰግን ነው የምጽፈው። ስሜን በአደባባይ አይጥሩ ስላለኝ አልጠራውም፤ ሥራው ግን ሊነገርለት ይገባል።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት ከጎርጎራ ወደ ገዳማቱ ሰው የማመላልስባት የፋይበር ጀልባ አለችኝ። ሞተሯ ዘይት የተቀላቀለበት ቤንዚን ነው የሚጠቀመው፤ ለ50 ሊትር ቤንዚን 1 ሊትር ዘይት። ከጥምቀት በፊት የዘይቱ ጀሪካን ክዳን ላልቶ ሌሊቱን ወለሉ ላይ ሲፈስ አደረ። ጠዋት በጨርቅ ጠረግ ጠረግ አድርጌ ሰው ጫንኩ። ጥፋቱ የኔ ነው። ዘይቱ ሰርጎ ከሞተሩ ሥር እስከ መካከለኛው ወንበር ድረስ ጠቆረ። በባዶ እግራቸው የሚሳፈሩ እናቶች ያዳልጣቸው ጀመር። የአንዲት እናት ነጠላ ጫፉ ዘይት ነክቶት ሳይ ከልቤ አፈርኩ።

መጀመሪያ ያሠራሁት ሰው በሽቦና በበረኪና ፈተገው። በረኪና ዘይት አያነሣም፤ ሽቦውም ወለሉን ቧጨረው፣ ብናኙም ዝጎ ቡናማ ነጠብጣብ ተወ። ሌላው ደግሞ ሙሉውን ቀለም ካልተቀባ አይሆንም አለኝ። የጠራው ዋጋ ከአቅሜ በላይ ነበር።

ይህን ልጅ ያገኘሁት አዘዞ የመኪና ፓራውልት ሲጠግን ነው። «ጋሼ፣ ሳላየው ዋጋ አልነግርዎትም» ብሎ በቆላ ድባ በኩል ጎርጎራ ድረስ መጣ። ወለሉን በጣቱ ዳሰሰና ነገሩን አስረዳኝ፦ የፋይበሩ የላይኛው ቆዳ ጄልኮት ይባላል፣ ፀሐይ ሲያቃጥለው እንደ ኖራ ይሆናል፣ ያኔ ዘይት ይጠጣል። የጠጣውን ደግሞ በፍትጊያ አያወጡትም፤ መጥጦ የሚያወጣ ነገር ያስፈልጋል።

ጀልባዋን ከውኃው አርቀን ጥላ ሥር አስቀመጥናት። ገና ያልደረቀውን ዘይት ሰጋቱራ ነስንሶ አስመጠጠው። ከዚያ ለብ ባለ ውኃና በላርጎ፣ በለስላሳ የልብስ ብሩሽ፣ ወለሉ እንዳያዳልጥ የተሠራውን ሻካራ ስንጥቅ ሁሉ እየተከተለ አጠበ። ቀጥሎ ቤኪንግ ሶዳ በላርጎና በጥቂት ውኃ እንደ ሊጥ አቡክቶ እድፉ ላይ ለቀለቀው፣ በፕላስቲክ ሸፍኖም አሳደረው። ጠዋት ገልጦ ሲያደርቀው ነጩ ሊጥ ቡናማ ሆኗል! ዘይቱ ወደ ላይ መጥቷል ማለት ነው። ይህን ሦስት ሌሊት ደጋገመው። ለቀረው በነጭ ጨርቅ ትንሽ አሴቶን (የጥፍር ቀለም የሚያስለቅቀውን ፈሳሽ) ተጠቀመ፣ እሱንም መጀመሪያ ወንበር ሥር በማይታይ ቦታ ሞክሮ ነው። ጠረግ አድርጎ ወዲያው ያጥበዋል፤ አሴቶኑ ከቆየ ጄልኮቱን አለስልሶ ያበላሸዋል። የዝገቱን ነጠብጣብ በሎሚ አነሣልኝ። ጎኗን በኮምፓውንድ (በማንጸባረቂያ ቅባት) አሽቶ ሰም ቀባት። ወለሉንም ቀባልኝ ብለው እምቢ አለ፤ ሰው የሚረግጠው ላይ ሰም ካረፈ ያንሸራትታል።

ልቤን የነካው ግን ሌላ ነው። ዘይት የጠጣውን ሰጋቱራና ጨርቅ፣ ያን ሊጥ ሁሉ በማዳበሪያ ከረጢት አድርጎ ይዞት ሄደ። እጣቢውንም በሳፋ እየተቀበለ በሰጋቱራ አስመጠጠው እንጂ አንዲት ጠብታ ወደ ጣና አላሳለፈም። ሐይቃችን በ2007 ዓ.ም በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ እንቦጩ ግን አሁንም አልለቀቀውም። እኛ በውኃው የምንኖር ሰዎች ያላሰብነውን ይህ የጋራዥ ልጅ አሰበው።

ሞተሩ አጠገብ የቀረች የመዳፍ ያህል ደብዛዛ ጥላ አለች። «ይቺ አትለቅም፣ አልዋሽዎትም» ብሎ ከመጀመሪያው ነግሮኝ ነበር። የተቀበለኝም ቀለም ቀቢው ከጠራው ሩቡን አይሞላም።

ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ። ጀልባም ይሁን ሌላ የፋይበር ዕቃ ያላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ፈቅዶልኛልና ስልኩን እሰጣችኋለሁ። ጎርጎራ ድረስ ይመጣል፤ ትራንስፖርቱን ብቻ ቻሉት።