መጠባበቂያው ጥሩ፣ መመለሻው አጠያያቂ

የሒሳብ ቢሮአችንን የፒችትሪ (የሒሳብ መዝገብ መያዣ ሶፍትዌር) ፋይሎች ቅጂ የምናስቀምጠው ከከተማው ሌላ ጫፍ ባለ ዳታ ሴንተር፣ ማለትም የደንበኞችን ፋይል በሚያስቀምጥ የኮምፒውተር ማዕከል ነው። መብራት ሲጠፋ ባትሪውም ጀነሬተሩም ይሠራሉ፤ እዚህ ላይ ቅር ያለኝ ነገር የለም። ማታ ማታ የሚላከው የተቀየረው ብቻ ስለሆነ መስመራችንም አይጨናነቅም።

ቅሬታዬ መመለሻው ላይ፣ ማለትም ፋይሎቻችን ቢጠፉ ቅጂውን መልሰን የምናገኝበት መንገድ ላይ ነው። አገልግሎቱን የሚሸጥልን ድርጅት «ሁሉም በደቂቃ ይመለሳል» ይላል። እስቲ አስሉት፦ 1 ቴራባይት (1,000 ጊጋባይት) በሰከንድ 10 ሜጋቢት በሚያሳልፍ መስመር ለማውረድ ከ9 ቀን በላይ ይፈጃል፤ ያውም ኔትወርኩ ካልተቆራረጠ! በሃርድ ዲስክ ቀድተው በእጅ እንዲያስረክቡን ውሉ ውስጥ ያስገባነው ተከራክረን ነው።

የድሮ ቅጂዎችን ለ30 ቀን ማቆየታቸውን ግን ወድጄላቸዋለሁ። ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ቫይረስ ቢገባ፣ ከዚያ በፊት የነበረው አለ። ኮምፒውተሩ ላይ ተሰክቶ የሚውል ዲስክ ቢሆን አብሮ ይቆለፋል። ዋጋው ለትንሽ ቢሮ ከበድ ይላል፤ የዓመቱን አንዴ ከከፈላችሁ ይቀንሱላችኋል።