ቤሬታ፣ ግሊሴንቲ ወይስ ቦዴዮ? የጣሊያን ዘመን ሽጉጥ ለሚሰበስብ የደሴ ሰው

ደሴ ውስጥ አሮጌ የጣሊያን ሽጉጥ ካያችሁ ታሪኩ አብሮት ይመጣል፦ «አያቴ ማይጨው ላይ የማረኩት ነው።» ሊሆን ይችላል። ምንሽርና ቤልጅግን ከሩቅ የሚለይ ሰው በወሎ ሞልቷል። ሽጉጥ ላይ ሲደርስ ግን የጣሊያን የሆነ ሁሉ «ቤሬታ» ይባልና ያልፋል። ሰብሳቢ ደግሞ ገንዘቡን የሚያተርፈውም የሚያጣውም እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ ወረቀቱ። አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝንም መሸጥንም ይከለክላል። «ቅርስ ነው» የሚለው ወሬ ፈቃድ አይሆንም። ፈቃዱ ላይ ያለው ቁጥርና ብረቱ ላይ የተመታው ካልገጠሙ ዋጋ እንኳ አትጠይቁ። የደሴ ሙዚየም በ2014 ጦርነት መዘረፉንም አትርሱ። በርካሽ የቀረበ አሮጌ ዕቃ ከየት መጣ ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

አሁን ወደ ሽጉጦቹ፤ የእነሱ ዓመት ሁሉ በፈረንጅ ነው። የ1934ቱ ቤሬታ አጭርና ደፍጣጣ ነው፤ ካዝናው 7 ጥይት ይይዛል፤ ጥይቱ «አጭሩ» የሚባለው ባለ 9 ሚሊሜትር ነው። በብዛት ስለተሠራ ብርቅ አይባልም። እኔ ግን የምወደው እሱን ነው፣ ምክንያቱም መዋሸት አይችልም። በግራ ጎኑ የተሠራበት ዓመት በፈረንጅ ተመትቷል፤ አጠገቡ የፋሺስቶቹ ዓመት በሮማ ቁጥር አለ። የሮማውን ቁጥር 1922 ላይ ደምሩት። 15 ከሆነ 1937 መምጣት አለበት። የፋሺስቱ ዓመት የሚለወጠው በፈረንጆች ጥቅምት መጨረሻ ስለሆነ በአንድ ቢዛነፍ አትደንግጡ፤ ብዙ ከተራራቀ ግን አንዱን ሰው ነካክቶታል።

ማይጨው የተዋጋነው መጋቢት 1928 ነው፣ በፈረንጅ 1936። ጣሊያን ደሴ የገባው ሚያዝያ 7 ቀን 1928፣ እጁን የሰጠው ሚያዝያ 18 ቀን 1933 ነው። ስለዚህ በፈረንጅ 1939 የተመታበት ቤሬታ የማይጨው ሊሆን አይችልም፤ የደሴ ምርኮ ግን ሊሆን ይችላል። 1942 ከተመታበት ደግሞ ከዚያ ጦር ጋር አልመጣም፣ አለቀ። እጀታው አካባቢ «አር» እና «ኢ» የሚሉት የላቲን ፊደላት ካሉ የምድር ጦር ነው። የባሕር ኃይልና የአየር ኃይል ምልክት ያለው ብዙም ስለማይገኝ ዋጋው ይጨምራል።

ግሊሴንቲ የ1910 ነው። ቀጭን አፈሙዝ፣ ዘንበል ያለ እጀታ፤ መልኩ ከሦስቱም ያምራል፣ ከቤሬታውም ይልቅ ብርቅ ነው። ችግሩ ጥይቱ ላይ ነው። የራሱ ጥይት ከተለመደው ባለ 9 ፓራቤለም ጋር በመጠን አንድ ሆኖ ጉልበቱ ግን ያነሰ ነው። ፓራቤለም ይገባበታል። ሽጉጡ ግን በግራ በኩል ደካማ ስለሆነ አይችለውም። ለመደርደሪያ እንጂ ለተኩስ አይደለም።

ቦዴዮ የ1889 ሪቮልቨር ነው፣ 6 ጎራሽ፣ 10.35 ሚሊሜትር። የወታደሩ ቃታ ይታጠፋል፣ መከላከያ ቀለበትም የለውም። የመኮንኑ ቀለበት አለው። አንዳንዱ ሻጭ የወታደሩን አይቶ «ቀለበቱ ወልቋል» ብሎ ይቀንስላችኋል፤ ዝም ብላችሁ ውሰዱ።

ለጀማሪ ከ1936 እስከ 1940 የተመታበት ቤሬታ ይሻላል። ግሊሴንቲን ገንዘብና ትዕግሥት ላለው ሰው ተዉለት። ቦዴዮ ከነቆዳ ማህደሩ ከተገኘ ግን እኔ ከሁለቱም አስቀድመዋለሁ።

ስትገዙ ቀለሙን ሳይሆን ፊደሉን እዩ። ቀለሙ አዲስ ሆኖ ፊደሉ ከተልመሰመሰ በብርጭቆ ወረቀት ተፈትጓል። እቤት ስታስገቡት ደግሞ ጥይት አለመኖሩን አረጋግጡ፣ ቀጭን ዘይት በጨርቅ አብሱት። ማህደሩ ውስጥ ግን አታሳድሩት፤ በደሴ ጉም ቆዳው እርጥበት ይዞ ብረቱን ያዝገዋል።