ቋሚው ወይስ ዝርጉ? ሁለት የቪክትሮላ ሳጥኖች

የጥንቱ የሸክላ ማጫወቻ ጡሩምባ ሳሎን መሀል አፉን ከፍቶ ይቆማል፤ አቧራ ይሰበስባል፣ መተላለፊያ ይዘጋል። በካምደን፣ ኒው ጀርሲ የነበረው የቪክተር ኩባንያ በ1906 (እንደ ጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር) ጡሩምባውን ወደ ታች አጥፎ ሳጥን ውስጥ ደበቀው፤ ስሙንም ቪክትሮላ ብሎ በ200 ዶላር ሸጠው።

ይህ የመጀመሪያው ዓይነት ቁም ሳጥን ይመስላል። ማጫወቻው ከላይ ከክዳኑ ሥር፣ ጡሩምባው መሀል፣ የሸክላዎቹ ቦታ ከታች ነው። የፊት በሮቹ ለጌጥ ብቻ አልተሠሩም። ድምፁ ከበዛ በሮቹን ገርበብ ማድረግ ነው፤ ከዚያ ሌላ ያለው ዘዴ መርፌ መለወጥ ብቻ ነበር።

በ1920ዎቹ መጀመሪያ የገዢው ዓይን ዝቅ ብሎ ወደ ጎን ወደተዘረጋው ኮንሶል ዞረ። ተወዳዳሪዎቹ ጠፍጣፋውን ሲሸጡ ቪክተር በ1921 ያመጣው መሀሉ እንደ ጉብታ ያበጠ ሳጥን ነበር። እኔ ግትርነት እለዋለሁ፤ ገበያውም አልወደደለትም። ኋላ ላይ እጁን ሰጥቶ ጠፍጣፋውን ሠራ። የዚህ ብልሃቱ የሚከፈተው ግማሹ ክዳን ብቻ መሆኑ ነው፤ በሌላው ግማሽ ላይ ያለው የአበባ ማስቀመጫ ከቦታው አይነሳም።

ከ1925ቱ ኦርቶፎኒክ (ድምፁ የተሻሻለው የቪክተር ማጫወቻ) በፊት የተሠሩ ከሆኑ በድምፅ ብዙም አይበላለጡም። ቤቴ ጠባብ ስለሆነ እኔ ቋሚውን እመርጣለሁ።