ዘጠኝ ወር ደረቴ ላይ፦ ስለ ልጅ ማዘያችን

መጀመሪያ የገዛሁት ይሄንን አልነበረም። ርካሽ አገኘሁ ብዬ መርካቶ ካለ አንድ ሱቅ ኪስ በኪስ የሆነ ማዘያ ገዛሁ። የጡጦ ኪስ አለው፣ የስልክ ኪስ አለው። ልጅቷ የምትቀመጥበት ጨርቅ ግን ከክራቫት ብዙም አይሰፋም። ለሁለት ወር ተኩል ክትባቷ ጤና ጣቢያ ስንሄድ ነርሷ አየችንና «እግሯን ለምን ታንጠለጥለዋለህ?» አለችኝ። ጭኗ ተከፍቶ፣ ጉልበቷ ከመቀመጫዋ ከፍ ብሎ፣ እንደ እንቁራሪት መቀመጥ አለባት። የጨቅላ የዳሌ መገጣጠሚያ ገና አልጠነከረም።

ማታ ለእናቴ ስነግራት ሳቀችብኝ። «ታዲያ አንቀልባ ምን የሚያደርግ መሰለህ?» እውነቷን ነው። ጀርባ ላይ የታዘለ ልጅ በእግሩ ወገብ አቅፎ ነው የሚቀመጠው።

ሁለተኛው ማዘያ ዋጋው እጥፍ ነበር። መቀመጫው ከጉልበት እስከ ጉልበት ይይዛታል፣ እያደገች ስትሄድም ይሰፋል። 5 ኪሎ ሆና ገባችበት፣ አሁን 9 ልትሞላ ነው።

ዋናው ነገር የወገብ ቀበቶው ነው። እኔ ሞኙ መጀመሪያ እንደ ሱሪ ቀበቶ ዝቅ አድርጌ አስረው ነበር። ልጅቷ ወደ ታች ትንሸራተትና አገጯ ደረቷ ላይ ይተኛል። ይሄ ቀልድ አይደለም፤ አንገቱ ያልጠና ልጅ እንደዚያ ሲታጠፍ ትንፋሽ ያጥረዋል። የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደህንነት ኮሚሽንም እ.ኤ.አ. በ2010 ትከሻ ላይ ስለሚንጠለጠሉ የጨርቅ ማዘያዎች ሲያስጠነቅቅ፣ በተለይ ከአራት ወር በታች ላሉ ልጆች ጥንቃቄ ይደረግ ያለው በዚሁ ምክንያት ነው። አሁን ቀበቶውን ከእምብርቴ ከፍ አድርጌ አጠብቀዋለሁ። ጎንበስ ስል ግንባሯን መሳም ካልቻልኩ ወርዳለች ማለት ነው። አገጯ ስር ደግሞ ሁለት ጣቴን አስገብቼ አያለሁ።

ከማዘያው ይልቅ ያስቸገረኝ ነጠላ ነው። ደረጃ ላይ የሚያገኙኝ ጎረቤቶች ሁሉ ንፋስ እንዳይመታት፣ ሰው ዓይን እንዳይገባት ብለው ፊቷን ሊሸፍኑልኝ ይመጣሉ። ክፋት የላቸውም። ግን ደረት ላይ ተጣብቃ ያለች ልጅ አፍንጫዋ ከተሸፈነ አየር ከየት ይመጣል? «እማማ፣ ልያት ብዬ ነው» እልና ቀስ አድርጌ እገልጠዋለሁ።

የምንኖረው አራት ኪሎ አካባቢ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው። ሊፍት የለም። ጋሪ የሰጠን ዘመድ ይባረክ፣ ጋሪው በረንዳ ላይ የሽንኩርት ማስቀመጫ ሆኗል። ወደ ፒያሳ ያለው የእግረኛ መንገድ ከታደሰ ወዲህ ለጋሪም ይመች ነበር፤ ደረጃው ነው ጉዱ። በማዘያው ግን ሁለት እጄ ነፃ ነው፤ ዳቦም ጃንጥላም እይዛለሁ። ታክሲ ውስጥ እንዳታምኑት። ለመኪና አደጋ የተሠራ ዕቃ አይደለም።

እንከን አለው። የኋላውን ዘለበት ብቻዬን መቆለፍ ለመልመድ ሳምንት ፈጀብኝ። ቀን ፀሐይ ሲበረታ ሁለታችንም በላብ እንጠመቃለን። ክረምት ላይ ከታጠበ ለመድረቅ ሁለት ቀን ይፈጃል። ባለቤቴ አጭር ስለሆነች ጠዋት ጠዋት ማሰሪያው ላይ እንጣላ ነበር፤ አሁን የእሷን ልክ በቀይ ክር፣ የእኔን በጥቁር ምልክት አድርገንበታል። በአምስተኛው ወር ደግሞ የቀኝ ትከሻው ስፌት መፈታት ጀመረ። ያየሁት በአጋጣሚ ነው። ሰፈራችን ያለው ጫማ ሰፊ በወፍራም ክር ሁለቴ ደርቦ ሰፋልኝ፤ ከግራው ይልቅ አሁን የማምነው እሱን ነው። ከዚያ ወዲህ ከመውጣቴ በፊት ስፌቱን ሁሉ ሳብ ሳብ አድርጌ አያለሁ።

አሁን አንገቷም ወገቧም ስለጠና ባለፈው እሑድ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ጀርባዬ አዞርኳት። ፒያሳ ስንደርስ አንዲት እናት አዩንና «እሰይ! እንዲህ ነው እንጂ!» አሉ። ልጅቷ ግን እስከ ቤት ድረስ ፀጉሬን ስትነጭ ነበር።